አብራችሁ ሩጡ፣ አትቅደሙ

የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ለምታሳድጉ የጂንካና የደቡብ ኦሞ ወላጆች፦

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ሲደራ ሰዉ ከየወረዳው ይጎርፋል፤ ካሜራ ያንጠለጠለ የውጭ ሀገር እንግዳም አይጠፋም። በዚያው ሰዓት «ይደክማል፣ ሰው ያየዋል» ተብሎ ጓዳ የሚቀር ልጅ አለ። ሰው ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን ገበያ እሱ አላየውም። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ልጅ ነው። እሱም ባሕር ተሻግሮ ሊማር፣ ሊታከም፣ ሊወዳደር ይችላል።

«እንዴት ሆኖ?» ትሉኝ ይሆናል። የትነበርሽ ንጉሤ ወሎ ውስጥ በ5 ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ቤተሰቧ ግን ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ላካት። ሕግ ተማረች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሟገቷም በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘች።

ሕጉም ከልጃችሁ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ ማንም በአካል ጉዳቱ ምክንያት የዜግነት ወይም የመታወቂያ ሰነድ እንዳይከለከልና ከሀገሩ ለመውጣት ነፃ እንደሆነ በአንቀጽ 18 ይደነግጋል።

የጉዞው ቀን ሲደርስ አትፈሩ። ትኬት ስትቆርጡ ተሽከርካሪ ወንበር ወይም ረዳት እንደሚያስፈልገው ተናገሩ፤ ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት ይሁን። ከጂንካ የሚነሣው አነስተኛ አውሮፕላን ላይ የሚወጣው በደረጃ ስለሆነ፣ ልጁን ማን ደግፎ እንደሚያወጣው አስቀድማችሁ ጠይቁ። የራሱን ወንበር ከያዘ ስሙን ጻፉበት።

ወንበርና ረዳት አስቀድሞ ከተጠየቀ አውሮፕላን ማረፊያ ሊገኝ ይችላል። ከቤት ደፍ የሚያሻግረው ግን ከእናንተ በቀር የለም።

እንዴት እንደምታሻግሩት ከአንዲት ሯጭ ተማሩ። ያየሽ ጌቴ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በፓሪስ ፓራሊምፒክ ዓይነ ስውራን በሚሮጡበት የ1,500 ሜትር ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ አመጣች። በዚህ ምድብ አትሌቷና መሪ ሯጯ በአጭር ገመድ እጅ ለእጅ ይታሰራሉ። መሪው እንዲጎትታት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውን መስመርም ቀድሟት ማለፍ አይችልም። እርምጃውን ከእርምጃዋ አስተካክሎ አብሯት ይሮጣል፣ ወርቁን የምታመጣው ግን እሷ ናት።

እናንተም ለልጃችሁ እንዲሁ ሁኑ። ትምህርት ቤት አስመዝግቡት፤ ታክሲ ተራውን፣ የሱቁን ሂሳብ፣ መንገድ መጠየቁን ከአሁኑ ይልመድ። የፊታችን ቅዳሜ ገበያ ይዛችሁት ውጡ። ወዴት እንደምትሄዱም እሱ ይምረጥ።