«ስለ ራስሽ እስቲ ንገሪን»

ባለፈው ሳምንት ለድርጅታችን የሒሳብ ሠራተኛ ፈልገን አምስት ምሩቃንን አነጋግረን ነበር። በውጤት ሁሉንም የምትበልጠው ልጅ «ስለ ራስሽ እስቲ ንገሪን» ስትባል ስሟን ተናግራ ጸጥ አለች። ወረቀትና እስክሪብቶ ሲሰጣት ግን ከባንክ መግለጫው ጋር ያልገጠመውን ሒሳብ ከሁሉም ቀድማ አወጣችው። ወረቀቱን ባናቀርብላትስ ኖሮ? አፈ ጮሌው ተቀጥሮ እኛ ከስረን ነበር።

በታላላቆች ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ብለን ያሳደግናት እኛው ነን። ደላላ እንኳ ገዢ ፊት የሚቀርበው የመነሻውንና የመጨረሻውን ዋጋ በልቡ ይዞ ነው፤ ምሩቁ ግን «ስንት ደመወዝ ትፈልጋለህ?» ሲባል ያኔ ገና ማሰብ ይጀምራል። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቁጥርን ለደንበኛ በአንደበቱ የሚያስረዳ ሰው ይፈለጋል።

መድኃኒቱ ልምምድ ነው፤ ያውም ድምፅ አውጥቶ፣ በሚያፍሩት ሰው ፊት። የዘመድ ልጅ ሲመረቅ ድግሱን ባንተውም (ማን ይተዋል!) ማታ ሱቅ ስንዘጋ ግማሽ ሰዓት አስቀምጠን እንደ ባዕድ እንጠይቀው፦ ምን ሠርተሃል? የት ተሳሳትክ? ስንት ይከፈልህ?

ልጅቱ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። ደመወዟን የወሰንነው ግን እኛው ነን።