የሠሪው መልክ ከሥራው አጠገብ ይቁም

የኪነ ጥበብ ምንጩ የሰፊው ሕዝብ ኑሮ ነው። ይሁን እንጂ በየመንደራችን አጥር ላይ የምናየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ የባዕድ ኳስ ተጫዋች ወይም የሸቀጥ ማስታወቂያ ነው። አጥሩን የገነባው ግንበኛ፣ ጋቢውን የሸመነው ሸማኔ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የወረደችው እናት ከዚያ የሉም።

መልካቸው ያለው በየቤቱ ሣጥን በተቀመጡ አሮጌ ፎቶግራፎች ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ሲነሡ እንዳየነው ግን ሰፈር ሲለወጥ ጎረቤት ይበተናል፤ ጎረቤት ሲበተን በፎቶግራፉ ላይ ያለውን ሰው ለይቶ የሚያውቅ ይጠፋል። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ዲዳ ምስክር ነው።

የአዲስ አበባ ሕዝብ የጥንቱን ሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ነበር የጠራው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ግን የጭሰኛውን ቤተ ሰብ ድካም በሸራው ላይ አቆመ። ሠርቶ አደሩ የፊልም ተመልካች ብቻ ሳይሆን ባለ ታሪክም መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ስለዚህ የዕድርና የሠራተኛ ማኅበራት አባላት ሆይ! በየሳምንቱ ፊልም ለማየት ስንሰበሰብ አስቀድመን ፎቶግራፎቻችንን እናውጣ፤ በጀርባቸው ስም፣ ዓመተ ምሕረትና ቦታ እንጻፍ። ወጣት ሠዓሊዎቻችንም እነዚህን መልኮች በአጥራችን ላይ ይሣሉ። ታሪካችንን ሌላ እስኪጽፍልን አንጠብቅ!