ችግኝ ከቆጠርን ዛፍም እንለካ

በጣና ዳርቻ በምትገኘው ዘጌ በሬ አይጠመድም። አቡነ በትረ ማርያም ምድሩ እንዳይታረስ፣ ከብትም እንዳይረባበት አዘዋል የሚለው ትውፊት ለዘመናት ተከብሮ ኖሯል፤ ሕዝቡም ኑሮውን የመሠረተው በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና ላይ ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ ሄዶ ያን ደን ያየ ሁሉ ጥቅጥቅነቱን ያደንቃል። የደኑን ነገ የሚወስነው ግን እያንዳንዱ ዛፍ የተፈጠረበት ጠባይ ነው።

ብሳና እንጨቱ ቀላል፣ ቅጠሉ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ባገኘበት ክፍት ቦታ ፈጥኖ ይመዘዛል። ወይራ እንጨቱ ከባድ ነው፤ እድገቱ ዝግ ያለ፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። እንጨቱን ቀላል አድርጎ የሚሠራ ዛፍ ባገኘው ምግብ ቶሎ ይረዝማል። አክብዶ የሚሠራው ይዘገያል፤ ስብራትና ብስባሴ ግን በቀላሉ አይጥሉትም።

ይህን ጠባይ ወደ ስሌት ለውጦ የደንን መጪ ዘመን መገመት ይቻላል። የእያንዳንዱ ዛፍ እድገት፣ ሞትና መተካት በየዓመቱ እየተሰላ የመቶ ዓመቱ ደን ይታያል። ስሌቱ የሚታመነው ግን መለኪያ ሲኖረው ነው። ፓናማ ውስጥ በባሮ ኮሎራዶ ደሴት ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ50 ሄክታር ደን ላይ 1 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ያለው ግንድ ሁሉ ተመዝግቦ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይለካል። ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ልኬቶች አንድ ቁም ነገር አስተምረዋል፤ የችግኝን ፍጥነት የሚገልጸው የቅጠል ጠባይ ለትልቅ ዛፍ ያን ያህል አይሠራም። በችግኝነቱ የቀደመ ሁሉ እስከ መጨረሻው አይቀድምም።

በእኛም ክልል ልኬት ምን እንደሚገልጥ ታይቷል። በመተማ የዕጣን ዛፎች ላይ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ፣ አያያዙ ካልተለወጠ የዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ እንደሚቀንስ አስልቷል። ትልልቆቹ እየሞቱ ነው፤ ችግኞቹን ደግሞ እሳትና ግጦሽ አላሳድግ ብለዋቸዋል። ለዓይን የቆመ የሚመስለው ደን ተተኪ አጥቷል ማለት ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ያደረጉት ምርምርም ከብት ሲከለከል ችግኝ የመትረፍ ዕድሉ እንደሚሻሻል አሳይቷል፤ በበርካታ አጥቢያዎች የድንጋይ አጥር መታጠሩ ለዚህ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ችግኝ ስንተክል ቁጥሩን እናውጃለን። የጣና ዳርቻ ከዚህ የበለጠ ይገባዋል። በዘጌና በየገዳማቱ፣ አባቶች ፈቅደው፣ ከብሳናው እስከ ወይራው ዛፎቹ ቁጥር ይሰጣቸው፤ የግንዳቸው ውፍረት በየአምስት ዓመቱ በደረት ቁመት ይለካ፤ የሞተውና የተተካው ይመዝገብ። የባሕር ዳሩ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ቢመራ፣ የአካባቢው ወጣቶች ቢለኩ፣ መዝገቡም ከአንድ ተመራማሪ ዘመን አልፎ ቢጠበቅ፣ የትኛውን ዛፍ የት እንደምንተክል የምንወስነው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይሆናል። አንድ ዓመት በዘገየን ቁጥር አንድ ዓመት ልኬት ለዘላለም እናጣለን፤ ያለፈን እድገት ተመልሶ የሚለካ የለምና በመጪው በጋ እንጀምር።