የመድኃኒት ዋጋ ከሰማይ አልወረደም



በሰፈራችን የደም ግፊት ክኒናቸውን ቀን እየዘለሉ የሚውጡ እናት አሉ። ለምን ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ የአንዱ ወር ለሁለት ወር እንዲደርስልኝ ነው» አሉን። መድኃኒት ግን እንደ በርበሬ ተቆጥቦ አይበላም። የእንዲህ ዓይነቱ ቁጠባ መጨረሻ ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

«ዋጋው ከውጭ የመጣ ነው፣ ምን ይደረጋል!» የምንል አለን። እስቲ የኤች.አይ.ቪን መድኃኒት እናስታውስ። በ1992 ዓ.ም. ግድም የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የፈጠራው ባለመብቶች ዋጋውን ለብቻቸው ይወስኑ ነበርና። በ1993 ዓ.ም. ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ተመሳሳዩን መድኃኒት ለግብረ ሠናይ ድርጅት በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። በኅዳር 1994 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮች ዶሃ ላይ ተሰብስበው፣ የፈጠራ መብት ስምምነቱ መንግሥታት የሕዝብን ጤና ከመጠበቅ አያግድም ሲሉ አወጁ። በአገራችንም በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ መታደል ጀመረ። በዚሁ ምክንያት ዛሬ አብረውን ቡና የሚጠጡ ስንቶች ናቸው!

የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ደግሞ አብዛኞቹ የባለመብትነት ዘመናቸው ያለፈ፣ ብዙ ፋብሪካ የሚሠራቸው ናቸው። ድሃውን የሚጎዳው ጤና ጣቢያ ሄዶ «አልቋል» ሲባልና ያንኑ ክኒን ከግል መድኃኒት ቤት በውድ ሲገዛ ነው።

ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ሐኪሙ በንግድ ስሙ ሳይሆን በመድኃኒቱ በራሱ ስም እንዲጽፍልን እንጠይቅ። መድኃኒት ቤት ስንገባ «ርካሹ አለ ወይ?» ማለት አያሳፍርም። ባለሙያ ሳናማክር ግን አንቀይር፣ አናቋርጥም። ከመግዛታችን በፊት የከነማንና የቀይ መስቀልን መድኃኒት ቤቶች ዋጋ እንይ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ያልሆነ ቤተሰብ ይመዝገብ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። መክፈል የማይችሉት ሲመረጡም ዝምድና ሳይሆን ችግር ይታይ።

የሚመለከታቸው ክፍሎችም ይስሙን። መዋጮው በወቅቱ እንደሚሰበሰብ ሁሉ መድኃኒቱም በወቅቱ ይቅረብ። መድኃኒት የማያስገኝ የመድኅን መታወቂያ ከወረቀት አያልፍም። እኚያ እናትም ቀን ሳይዘሉ ክኒናቸውን እንዲውጡ ሁላችንም የበኩላችንን እናድርግ እንላለን።