አሥራ አራት ቀን፣ ሰባት ከተማ

በዚህ ዓምድ ስለ ገንዘብ አያያዝ፣ ስለ አማቶችና ስለ ልጆች አስተዳደግ ደጋግመን አንሥተናል። የዛሬው ርዕስ ለአንዳንዶቻችሁ የቅንጦት ሊመስላችሁ ይችላል፤ ባልና ሚስት ለሁለት ሳምንት ወደ አውሮፓ ሄደው በባቡርና በአውሮፕላን ከከተማ ወደ ከተማ ስለሚያደርጉት ጉዞ ነው። ነገር ግን ከመካከላችን በውጭ አገር ወንድም፣ እህት ወይም አብሮ አደግ የሌለው ስንቱ ነው? ግብዣው ዘንድሮ ባይመጣ ለከርሞ ሊመጣ ይችላል። ደግሞም እንዲህ ያለ ጉዞ ገና ሳይጀመር በቤት ውስጥ የሚቀሰቅሰውን ነገር በቅርብ ስላየሁ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

አንድ ባልና ሚስት አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። እርሱ የስማዳ ልጅ ነው፣ እርሷ የእስቴ። እኔም ጋይንት ስላደግሁ ባለቤቴ እነርሱን ስታይ «ያገርህ ሰዎች መጡልህ» ትለኛለች። ወረቀቱ ላይ 14 ቀናት ተሰምረዋል፤ በቀናቱ ውስጥ ሰባት ከተሞች ተጽፈዋል፤ ፍራንክፈርት፣ አምስተርዳም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ጄኔቫ፣ ሮምና ስቶክሆልም። ፍራንክፈርት የእርሷ ወንድም አለ። ሮም የእርሱ አብሮ አደግ አለ። ስቶክሆልም ደግሞ ታላቅ እህቱ ትኖራለች። እርሱ ከወገዳ ወጥቶ ደብረ ታቦር ሲማር ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች የቤት ኪራዩን ትከፍልለት የነበረችው እህቱ ናት። ካያት 11 ዓመት ሆኖታል። የቀሩት አራት ከተሞች «እግረ መንገዳችንን» የተባሉ ናቸው።

ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ እያየች አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «እህትህ ቤት ስንት ሌሊት ታድራላችሁ?»

ቆጠረ። አንድ ሌሊት ነበር። እንደገና ቆጠረ፤ አሁንም አንድ ሌሊት። በእኛ አገር ማታ መጥቶ ማልዶ የሚነሣ ሰው መንገደኛ ነው፤ ዘመድ ጥየቃ መጣ አይባልም። እርሱም ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ እናንተም ወረቀት ስታወጡ ከተማ አትቁጠሩ፤ ሌሊት ቁጠሩ። የሁለት ሳምንት ጉዞ ስትሉ ከአዲስ አበባ በሌሊት የምትነሡበትንና በሌሊት የምትመለሱበትን ስትቀንሱ 12 ሌሊት ይቀራችኋል። ሰባት ከተማ ማለት በመካከሉ ስድስት ጊዜ ጓዝ ማንሣት ማለት ነው። ዕቃ መሸከፍ፣ ወደ ጣቢያ መሄድ፣ መጠበቅ፣ ደርሶ ማደሪያ መፈለግ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይበላል። ስድስት ግማሽ ቀን ሦስት ሙሉ ቀን ነው። ካርታ ላይ ያሉ ከተሞች ሁልጊዜ የሚቀራረቡ ይመስላሉ። እስቴና ላይ ጋይንትም ካርታ ላይ ቢታዩ ጎረቤት ናቸው፤ ነገር ግን በመካከላቸው ጉና ተራራ ስላለ በመኪና ከመካነ ኢየሱስ ነፋስ መውጫ ለመድረስ በደብረ ታቦር በኩል መዞር እንዳለብን ያገሬ ሰው ያውቀዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው አውሮፓ ሲሆን ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም።

ባቡርን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን ልምዱ የለንም። የአዲስ አበባ ጅቡቲን ባቡር የተሳፈራችሁ ለቡ ድረስ መሄድ እንዳለባችሁ ታስታውሳላችሁ። በአውሮፓ ግን ዋናው የባቡር ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ መሐል ከተማ ነው፤ ከባቡሩ ስትወርዱ ከተማው ውስጥ ናችሁ። ከፍራንክፈርት ፓሪስ ቀጥታ ባቡር ከ4 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ቢሆንም፣ ወደ አየር ማረፊያው መሄጃውን፣ ፍተሻውንና ሻንጣ መጠበቂያውን ስትደምሩ ባቡሩ አይሸነፍም። ከፍራንክፈርት ወደ ስቶክሆልም ወይም ወደ ሮም ከሆነ ግን ባቡሩ ቀኑን ሙሉና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ አውሮፕላን ይሻላል፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በነገራችን ላይ የጀርመን ባቡር ሰዓት አያዛንፍም የሚባለውን የድሮ ወሬ አትመኑ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቹ መካከል ከሦስቱ አንዱ፣ እንዲያውም ከዚያ የሚበልጠው፣ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ስለዚህ ከባቡር ወርዳችሁ በሁለት ሰዓት ውስጥ አውሮፕላን የምትሳፈሩበት ዕቅድ አታውጡ።

ርካሽ አውሮፕላን ስታገኙም አየር ማረፊያው የት እንደሆነ ሳታጣሩ አትክፈሉ። «ፓሪስ ቦቬ» የሚለው ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። «ፍራንክፈርት ሃን» ከፍራንክፈርት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ስቶክሆልም ስካቭስታ»ም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ብሎ ቲኬት ሸጦላችሁ ደብረ ታቦር ላይ እንደሚያወርዳችሁ አውቶቡስ ማለት ነው። ደግሞም እነዚህ አየር መንገዶች በዝቅተኛው ዋጋ የሚፈቅዱት ከወንበር ሥር የምትገባ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። በርበሬና ሽሮ የታጨቀ ሻንጣ ካላችሁ የሻንጣውን ክፍያ ከቲኬቱ ጋር አብራችሁ ፈጽሙ፤ በር ላይ ከሆነ ከቲኬቱ ሊበልጥ ይችላል።

አሁን ወደ ቪዛው እንምጣ፤ ሌሊት መቁጠር የሚጠቅመው እዚህም ነውና። ጀርመን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስዊድንና ሌሎችም የሸንገን አገሮች በአንድ ቪዛ ይገባባቸዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ግን ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገቡበት። «የእገሌ ኤምባሲ ይቀላል» ተብሎ የማይታደርበት አገር ላይ ማመልከት ውሸት ነው። እንግሊዝ ከሸንገን ውጭ ናት፤ ሌላ ቪዛ ትጠይቃለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጥና መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። እነዚያ ባልና ሚስት ከአምስተርዳም ለንደን ደርሰው ወደ ፓሪስ ሊመለሱ ነበር ያቀዱት። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ ለንደን የገባ ሰው ፓሪስ አይመለስም። ለንደን በዚያው ምሽት ተሰረዘች፤ እኔም ያን ያህል አላዘንሁላትም። እናንተም ከጉዞው ቀን 45 ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ፣ በላዩም ጥቂት ሳምንታት ጨምራችሁ አመልክቱ፤ ማመልከቻው እስከ 6 ወር ቀድሞ ሊገባ ይችላል።

የገንዘቡ ነገር ረጅም ጊዜ ወሰደብን። የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ አዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። በዚህ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ያስፈልጋል። ባልየው ወጪውን ያሰላው በድሮ ምንዛሪ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ እንደነበር አትዘነጉትም። ጉድለቱን እንዴት ልትሞሉት ነው ስንለው፣ አንድ ወዳጁ ለጥቂት ቀናት ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ሊያስገባለትና የባንክ ማስረጃው ከወጣ በኋላ ሊወስድ እንደተስማሙ ነገረን። ሚስቱ ይህን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ይህ አሠራር በየቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር እንኳ እንደ ውለታ እየተቆጠረ መምጣቱን አውቃለሁ። በሌለ ገንዘብ አለኝ ብሎ መፈረም ውሸት ነው፤ ይህን በለዘበ ቋንቋ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ የከበደው ግን ገና አልወጣም ነበር። ሚስትየው ለማመልከቻው የተሰበሰቡትን ሰነዶች ስታገላብጥ የባሏን የዲግሪ ማስረጃ አገኘች። ተተርጉሞ፣ ማኅተም ተመትቶበታል። «ለሁለት ሳምንት ጥየቃ ዲግሪ ምን ያደርጋል?» አለችው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አስቤው ነበር» አለ። «አገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የማያስብ ማን አለ? እኔ ቀርቼ አንቺንና ልጆቹን እወስዳለሁ ብዬ ነበር።» ሁለቱ ልጆቻቸው ጉዞው እስኪያልቅ አክስታቸው ቤት ሊቀመጡ ታስበው ነበር። እርሷ አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተነሣች።

ከአገር የወጣውን ሁሉ ልወቅስ አይደለም፤ ብዙዎች ቤተሰባቸውን ያቆሙት እንዲያ ነው። ነገር ግን የሸንገን ቅጽ መጨረሻ ላይ ቪዛው ሳያልቅ እወጣለሁ የሚል ቃል አለ፤ ከሥሩም ይፈረምበታል። ሚስትም በሌላ መስመር ትፈርማለች። አንዱ ለመመለስ፣ ሌላው ለመቅረት በአንድ ቲኬት መነሣት አይቻልም። ስለዚህ እናንተ ባለትዳሮች፣ ቲኬት ከመጠየቃችሁ በፊት «ሁለታችንም እንመለሳለን ወይ?» ተባባሉ። ጥያቄው ያሳፍር ይሆናል፤ አየር ማረፊያ ላይ ከሚጠየቅ ግን ይሻላል።

ሦስት ሳምንት ድምፃቸው ጠፋ። በእሑድ አምልኮ ላይ ስናያቸውም ተራርቀው ነበር የሚቀመጡት። ከዚያ አንድ ምሽት ሌላ ወረቀት ይዘው መጡ። በዚህኛው የእርሷ የእጅ ጽሑፍ ነበር የበዛው። ሦስት ከተሞች ብቻ ቀርተዋል። ፍራንክፈርት ወንድሟ ቤት 4 ሌሊት፤ ከዚያ በባቡር ፓሪስ 2 ሌሊት፣ ለሁለታቸው ብቻ፣ በርካሽ ሆቴል፤ ከዚያ በአውሮፕላን ስቶክሆልም እህቱ ቤት 6 ሌሊት። በፍራንክፈርት ገብቶ በስቶክሆልም የሚወጣ ቲኬት ስለሆነ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ብዙው ሌሊት ስዊድን ስለሆነ ማመልከቻውም ወደዚያው ይሄዳል። የወዳጁ ገንዘብ ቀርቷል፤ ጉዞውም እስኪቆጥቡ ስምንት ወር ተገፍቷል። የዲግሪውን ማስረጃ ራሱ አውጥቶ ለእርሷ ሰጥቷታል፤ የት እንዳስቀመጠችው አልጠየቅሁም።

የሮሙ አብሮ አደግ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር። ኋላ ግን ራሱ «እኔ ፍራንክፈርት ልምጣ» አላቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በአንድ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው በሌሎቹ አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ሌላ ቪዛ መንቀሳቀስ ይችላል። ዘመዶቻችሁ ከእናንተ ይልቅ ለመንገድ የቀለሉ ናቸው። ሰባት ከተማ ከምትዞሩ አንድ ከተማ ጥሯቸው።

በመጨረሻ የቀረው የእናቷ ነገር ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለከረመ እስቴ ሄዳ እናቷን ካየች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። እናትየው መንገዱ በተከፈተ ሰሞን በሰው እጅ ለፍራንክፈርቱ ልጃቸው ቅቤና ማር ልከዋል። ቅቤው አይሄድም፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚመጣ መንገደኛ እጅ ሥጋም ሆነ የወተት ውጤት እንዲገባ አይፈቅድም፤ ቋንጣውም አይቡም እንዲሁ። ማር ግን በአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ለእናትየው ይህን በስልክ ስትነግራቸው «የእኔ ቅቤ ምን አደረጋቸው?» አሉ አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አሳየችን። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ እርሷ አሥር ዓመት ስላገለገለች 20 ቀን አላት። አሥራ ሁለቱን ለአውሮፓው ጽፋለች። ለቀሩት ስምንት ቀናት «እስቴ፣ እናቴ ቤት» ብላ፣ ከተማ ሳትጨምር፣ ከጎኑ «መንገዱ ከተከፈተ» የሚል ጽፋበታለች። ባልየው በእርሳስ «እኔም» ብሎ ጨምሮበታል።