የፈሩት ይደርሳል፤ ስለ ሁለተኛዋ ሰርቪስ

በዚህ ዓምድ ስለ እግር ኳስና ስለ ሩጫ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ ስለ ሜዳ ቴኒስ፣ ይልቁንም ብዙዎቻችንን ሜዳ ላይ ስለሚያሳፍረን ስለ ሁለተኛዋ ሰርቪስ እናወጋለን። «ቴኒስ የሀብታም ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ካለ ጥቂት ይታገሠን።

ቅዳሜ ጠዋት ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ሜዳ የምንሰበሰብ ስምንት ያህል ሰዎች አለን። ታክሲ የሚነዳ አለ፤ በሆስፒታል የሌሊት ተራ ሠርቶ እንቅልፍ ሳያገኘው የሚመጣ አለ፤ ከሳን ሆዜ ድረስ የሚነዳም አለ። በአገር ቤት ፖለቲካ የአንዳችን አቋም ለሌላው አይጥመውም። ከሜዳው ውጭ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሁለት ሰዎች በአንድ ወገን ቆመው «ያንተ ናት!» «ተዋት ለእኔ!» ሲባባሉ የሚሰማው እዚያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመካከላችን አንድ ሰው ሲቀር የሚጎድለን ተጫዋች ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት አንዱ ቀረብን። በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም «ጋሼ» የምንለው ሰው ነው። ጥንድ ለጥንድ ስንጫወት የመጨረሻው ጌም ላይ ሰርቪሱ የእሱ ነበር። የመጀመሪያዋ ኳስ ወጣች። ሁለተኛዋን እንዳትወጣበት ፈርቶ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ነካት፤ መረቡ ውስጥ ወደቀች። በሚቀጥለው ነጥብም ያው ሆነ። ተሸነፍን። አጣማሪው እኔ ነበርሁ። ቀደም ሲል በዚሁ ጋዜጣ በጻፍሁት ነገር ቅር ተሰኝቶብኝ ስለ ነበር «አይዞህ» ማለቱ ከበደኝና ዝም አልሁ። እሱም ዝም ብሎ ቦርሳውን ዘጋና ሄደ። ስንደውልለት «ትከሻዬን አሞኛል» አለን። ትከሻውን እንዳልነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ነገሩ ከነከነኝና አንድ የከተማ አሠልጣኝ ጠየቅሁ። የነገረኝ መልስ ከጠበቅሁት ተቃራኒ ነበር። «ሁለተኛዋ ሰርቪስ የምትጠፋው ሰው አብዝቶ ስለሚመታት ሳይሆን፣ ፈርቶ ስለሚለሰልስባት ነው» አለኝ። መድኃኒቷ ፈረንጆቹ ኪክ ሰርቭ የሚሏት፣ ሽክርክሪት ያላት ሰርቪስ ናት።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። ከኋላው መስመር እስከ መረቡ 11 ሜትር ከ89 ሳንቲ ሜትር ነው። መረቡ መሐል ላይ 91 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው። ከመረቡ ማዶ ኳሷ ማረፍ ያለባት ሳጥን ርዝመቱ 6 ሜትር ከ40 ብቻ ነው። ኳሷ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብላ ብትሄድ፣ መረቡን ለጥቂት ስታ የሳጥኑ ጠርዝ ላይ እንድታርፍ ከ2 ሜትር ከ60 በላይ ከፍታ ላይ መመታት አለባት። መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው እጁንና ራኬቱን ዘርግቶ የሚደርሰው እዚያው አካባቢ ነው። እንግዲህ ኳሷን ቀጥ አድርገን በኃይል ስንመታ ለስሕተት የተረፈን ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ኳሷን ወደ መሬት የሚመልስ ነገር ያስፈልጋል። አንዱ የራሷ ክብደት ነው፤ ለዚህ ግን ቀስ ብላ መሄድ ይኖርባታል፤ ቀስ ያለች ኳስ ደግሞ ለባላጋራ ስጦታ ናት። ሌላው ሽክርክሪት ነው። ኳሷ ወደ ፊት እየተሽከረከረች ስትሄድ አየሩ ወደ ታች ይጫናታል። ይህን ኃይል በ19ኛው መቶ ዘመን ያጠናው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጉስታቭ ማግነስ ስለ ነበር በስሙ ይጠራል። እንዲህ የተመታች ኳስ ከመረቡ ከፍ ብላ በሰላም ታልፍና ድንገት ወደ ሳጥኑ ትወርዳለች፤ መሬት ነክታ ስትነሣም እስከ ባላጋራ ትከሻ ትዘላለች። ቀኝ እጅ ተጫዋች ከመታት ደግሞ ወደ ባላጋራው ግራ ትሸሻለች፤ ይህም ለአብዛኛው ሰው ደካማ ጎኑ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 የመጀመሪያው የዴቪስ ካፕ ውድድር ቦስተን አጠገብ ሲካሄድ፣ ድዋይት ዴቪስና ሆልኮምብ ዋርድ እንዲህ በምትጠማዘዝ ሰርቪስ እንግሊዞቹን ግራ አጋቧቸው። አሜሪካኖቹም 3 ለ 0 አሸነፉ።

አሁን ወደ «የሀብታም ጨዋታ» እንመለስ። በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች ወጥታችሁ ጥቂት በእግር ብትሄዱ ቡሽሮድ መናፈሻን ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1915 ኦክላንድ የተወለደው ዶን በጅ ቴኒስ የተማረው እዚያ የሕዝብ ሜዳ ላይ ነው። አባቱ ከስኮትላንድ የፈለሱ፣ እግር ኳስ ተጫውተው ያለፉ ሰው ነበሩ። ልጁ እ.ኤ.አ. በ1938 የአውስትራሊያን፣ የፈረንሳይን፣ የዊምብልደንንና የአሜሪካን ውድድሮች በአንድ ዓመት ውስጥ በማሸነፍ በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሳን ሆዜም የራሷ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2013 ባበቃው የሳን ሆዜ ውድድር የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት በተከታታይ ያሸነፈው፣ በሰርቪሱ የሚፈራው ሚሎስ ራኦኒች ነበር። እሱም በሞንቴኔግሮ ተወልዶ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ወደ ካናዳ የተሰደደ ነው። የስደተኛ ልጅ በዚህ ጨዋታ ባዕድ አይደለም።

አዲስ አበባ ቴኒስ ለተማራችሁ ደግሞ አንድ የምሥራች አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይርቃል፣ ሽክርክሪቱም ኳሷን ወደ ታች የመጫን ኃይሉ ይቀንሳል። የቴኒስ ሕግ ከ1219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች የተለየ ኳስ የሚፈቅደውም በዚህ ምክንያት ነው። ኦክላንድና ሳን ሆዜ ግን ለባሕር ጠለል ቅርብ ናቸው። እዚያ አልታዘዝ ያለቻችሁ ሽክርክሪት እዚህ ትታዘዛለች።

አሁን ወደ አመታቱ። የምንናገረው ለቀኝ እጅ ነው፤ ግራኞች ገልብጣችሁ አንብቡት።

አያያዝ፦ ራኬቱን ሚስማር እንደሚመታ ሰው፣ እንደ መዶሻ በጠርዙ ያዙት። ብዙዎቻችን እንደ መጥበሻ እንይዘዋለን፤ እንዲህ ከተያዘ ሽክርክሪት አይገኝም። እጃችሁንም አታጥብቁት።

ውርወራ፦ ኳሷ ከራሳችሁ በላይ ትንሽ ወደ ግራ ትሁን። ሳትመቷት ብትተዋት ግራ ትከሻችሁ አካባቢ የምትወድቅ መሆን አለባት። ወደ ፊት አርቃችሁ ከወረወራችኋት ወደ ላይ ልትጠርጓት አትችሉም።

ጉልበት፦ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉና ወደ ላይ ተነሡ። ኃይሉ የሚመጣው ከእግር ነው።

ምት፦ ኳሷን ከኋላዋ እንደ ግድግዳ ሰዓት አስቧት። ራኬቱ 8 ቁጥር ካለበት ወደ 2 ቁጥር፣ ከታች ወደ ላይ ጠርጓት ይለፍ። ደረታችሁ ቶሎ ወደ መረቡ አይዙር፤ ጎን እንደ ሆናችሁ ጥቂት ቆዩ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ነው። ራኬቱ ከመጀመሪያዋ ሰርቪስ ባልተናነሰ ፍጥነት መወዛወዝ አለበት። የሚለወጠው አቅጣጫው ነው፤ ጉልበቱ ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ሽክርክሪት ይሄዳል። በፈራችሁ ቁጥር ቀስ ሳይሆን ፈጠን በሉ። ፈርተን ራኬቱን ስናዘገየው ሽክርክሪቱ ይጠፋል፤ ሽክርክሪቱ ሲጠፋ ኳሷ ወይ መረብ ውስጥ ትገባለች ወይ ትወጣለች። አባቶቻችን የፈሩት ይደርሳል ያሉት ለዚህ ይመስላል።

ልምምዱ ገንዘብ አይጠይቅም። ሃያ ያህል አሮጌ ኳሶች ይበቃሉ። መጀመሪያ ከመረቡ ቀረብ ብላችሁ ሳጥኑ የሚያበቃበት መስመር ላይ ቁሙና ወደ ላይ ብቻ ጥረጉ። ጆሯችሁን ስጡት፦ «ጧ!» ካለ ፊት ለፊት መትታችኋታል፤ የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ተሽከርክራለች። ከዚያ በየቀኑ ጥቂት ወደ ኋላ እያላችሁ እስከ ኋላው መስመር ድረሱ። ከመረቡ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብላ እንድታልፍ አልሙ። በመጨረሻም የመጀመሪያዋን ሰርቪስ እንዳበላሻችሁ ቆጥራችሁ አሥር ሁለተኛ ሰርቪስ ምቱና ስንቱ እንደ ገባ ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

በአርባዎቹና ከዚያ በላይ ያለን ሰዎች ግን እንጠንቀቅ። ኳሷን ወደ ኋላ አብዝቶ መወርወርና ወገብን መለመጥ ጀርባን ይጎዳል። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ሰው ሳያሟሙቅ አይጀምር። በአንድ ቀን አርባ ኳስ ይበቃል። ሕመም ከተሰማችሁ አቁሙ፤ ካልተዋችሁም ሐኪም አማክሩ።

ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ኳሶቹን በቅርጫት ይዤ ጋሼ ቤት ሄድሁ። «ያን ቀን ዝም ያልሁት ተቆጥቼ አልነበረም፤ የምለው ጠፍቶኝ ነው» አልሁት። ጥቂት አሰበና ጫማውን አጠለቀ። ሦስት ወር ያህል ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለብቻችን ሠራን። ስንጀምር ከአሥር አራት ነበር የምታገባው፤ በመጨረሻ ስምንት ደረሰ። የእኔው ከእሱ ያንስ ነበር።

በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ እንደገና አጣማሪው ሆንሁ። የመጀመሪያዋ ኳስ ወጣች። ሁላችንም ዝም አልን። ጋሼ ጉልበቱን አጠፈና ያለ የሌለ ኃይሉን ወደ ላይ ለቀቀ። ኳሷ ከመረቡ ከፍ ብላ አለፈች፣ ወረደች፣ ዘለለችና ባላጋራችን ትከሻ ላይ ደረሰች፤ የመለሳት ኳስ ከሜዳ ወጣች። ጨዋታውን በመጨረሻ ተሸነፍን። እሱ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁላችን ቀድሞ ሜዳው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

በጻፍሁት ነገር ላይ እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ አሁን ግን እየደወለ ይከራከረኛል። በሚቀጥለው እትም ደግሞ ይህችን ዘላይ ሰርቪስ እንዴት መመለስ እንደሚቻል እናወጋለን፤ ባላጋሮቻችን ጠይቀውናልና።

እስከዚያው ቸር ይግጠመን።