ደንገጎ ጠርቷል?

ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የአያቶች ቤት ደግሞ ይሞላል። የእኔም ሞልቷል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ የአሥራ ሁለት ዓመቱን ልጇን ‹‹ድሬ ሄዶ ይናፈስ›› ብላ ላከችልኝ። ልጁ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ‹‹አባባ፣ ሳይክል አለህ?›› አለኝ። አዲስ አበባ ሰፈሩ ዳገት፣ መንገዱ መኪና ብቻ ነው። የሚነዳበት ቦታ የለውም።

ሳይክሉስ አለ። የድሬ ቤት ያለ ሳይክል ምን ቤት ይባላል? ከተማችን ሜዳ ናት። ሜዳ የሆነችበትም ምክንያት አላት። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር የሐረርን ዳገት መውጣት ከብዶት እዚሁ ተራራው ሥር ቆመ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ ተቆረቆረች። ስለዚህ በከዚራ ጥላ ሥር ሳይክል የሚነዳ ልጅ ሁሉ ባቡሩ ዳገት በመፍራቱ የተጠቀመ ልጅ ነው።

የእኔ ልጅ ልጅ ግን ሜዳው በሦስት ቀን ሰለቸው። ውጭ አገር ያለች አክስቱ ቤተሰቧን ይዛ በኦስትሪያ የዳኑብን ወንዝ እየተከተለች በሳይክል ስትጓዝ የተነሳችውን ፎቶ አይቷል። እዚያ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪዬና 300 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ የሳይክል መንገድ አለ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ቤተሰብ ሁሉ ቀን እየነዳ፣ ማታ እያደረ ይሄድበታል። ‹‹እኛስ ወንዝ የለንም?›› አለኝ።

አለን እንጂ። ደቻቱ ከተማችንን ለሁለት ከፍሎ፣ ከዚራን በአንድ በኩል፣ መጋላን በሌላው በኩል አስቀምጦ ያልፋል። ዓመቱን ሙሉ ግን አሸዋ ነው። ሰው ይሻገረዋል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ዳኑብ ሁልጊዜ አለሁ ይላል። የእኛው ግን ድንገት ነው የሚመጣው።

ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. እንዴት እንደመጣ የድሬ ሰው አይረሳም። በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኔ ከቤቴ ሰው አልጎደለብኝም። ጠዋት ግን ዳር ቆሜ የጎረቤቴን ልጆች ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ ልጄ ገና ተማሪ ነበረች፤ ከጓደኞቿ ጋር ሸለቆውን ይዛ በሳይክል ሽቅብ መውጣት ትወድ ነበር። በዚያው ሳምንት ሳይክሏን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ለምን እንደሆነ አላስረዳኋትም። ‹‹አትሄጂም›› ብቻ አልኳት።

ለልጅ ልጄም ‹‹አትሄድም›› ልለው አፌን ስከፍት ስልኩ ጮኸ። እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት ዝም አለችና ‹‹አባዬ፣ እኔን እንደከለከልከኝ እሱን አትከልክልብኝ። አብረኸው ሂድ›› አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ሳይክሏን አወረድኩት።

ጎሚስታው ዘንድ ወስደን ፍሬኑን በሁለቱም በኩል አስጠበቅን፣ ካላማዳሪያውን ቀየርን። ለእኔ ደግሞ የጎረቤት ሳይክል ተዋስኩ። ዳገት ላይ የሚወጣ ሁሉ ቁልቁል እንደሚመለስ አትርሱ፤ የመመለሻው ነገር ፍሬን ነው። ወደ ደንገጎ የሚወጣውን አስፋልት ተውነው። ጫት የጫነ አይሱዙ በዚያ ጠመዝማዛ ሲበር ለልጅ አይጠብቅም። ውሃና ዳቦ ይዘን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በሸለቆው ዳር ያለውን የጥርጊያ መንገድ ያዝን።

ልጁ ደስታው ሌላ ነበር። ማሽላው ቆሟል፣ ግመሎች እንጨት ጭነው ይወርዳሉ። ዳገቱ ሲጠና ወርደን ገፋን፤ መግፋት ነውር አይደለም አልኩት። ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው ዋሻ ያለበትን ኮረብታ አሳየሁት። ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎች በብዛት ተገኝተውበታል። ‹‹እነሱም ወንዙን ይፈሩ ነበር?›› አለኝ። ‹‹ከፍ ብለው መኖራቸውን አታይም?›› አልኩት።

አራት ሰዓት ሲሆን ከአሸዋው ማዶ የፓፓያ እርሻ አየና እንሻገር አለ። አናታችን ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ቀና ብዬ ደንገጎን አየሁ፤ ጠቁሯል። እኛ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነን፤ ያ ተራራ ግን 2,000 ሜትር ያልፋል። ዝናቡ የሚጥለው እዚያ ነው፤ ውሃው የሚወርደው እኛ ላይ። ፍየሎቻቸውን በጥድፊያ የሚያሻግሩ አንድ አዛውንትም በእጃቸው ወደ ተራራው አሳይተው ‹‹ቢሻን!›› አሉን። በኦሮምኛ ውሃ ማለት ነው።

‹‹እንመለስ›› አልኩ። ልጁ እስከ ቤት ድረስ አላናገረኝም።

ያን ቀን ጎርፍ አልመጣም። ማታ እራት ላይ ‹‹አየህ አባባ? በከንቱ ነው የመለስከን›› አለኝ። ሊቆጣኝም ሊያለቅስም የፈለገ ይመስላል። ያኔ የ1998ቱን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ደመናው የት እንደሚቆም፣ አሸዋው ደርቆ ሳለ ውሃው ከላይ እንዴት እንደሚደርስ፣ ድምፁ ከሩቅ ምን እንደሚመስል፣ ያኔ ወደ ዳር ወጥቶ ከፍታ መያዝ እንጂ ሳይክል ላድን እንደማይባል። ዝም ብሎ ሰማኝና ‹‹ለእማዬ ግን ይሄን ነግረሃታል?›› አለኝ።

አልነገርኳትም ነበር። ወላጆች፣ ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። መከልከል ቀላል ነው፤ እኔ ለዓመታት ችዬበታለሁ። ግን ልጄን ከወንዙ አርቄ ወንዙን ሳላስተምራት አሳደግኳት። ፍርሃቴን ብቻ ሰጠኋት፣ የምፈራበትን ምክንያት ለራሴ ይዤ ቀረሁ። ክረምት ላይ ልጅ ይዛችሁ ሸለቆ የምትወጡ ከሆነ ማለዳ ሂዱ፣ ከቀትር በፊት ተመለሱ፣ አሸዋው ላይ አትረፉ፣ የላይኛውን ተራራ እዩ። ከሁሉም በፊት ግን ለምን እንደሆነ ንገሯቸው።

በማግስቱ ልጄ ዘንድ ደወልኩና ረጅም ሰዓት አወራን። ምን እንደተባባልን የእኛው ይሁን።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ሳይነጋ አንድ ሰው ትከሻዬን ነቀነቀኝ። ልጁ ጫማውን አጥልቋል፤ ደጅ ወጥቶ ሲያይ ቆይቶ ነው የመጣው። ‹‹አባባ፣ ደንገጎ ጠርቷል። እንሂድ?›› አለኝ።

ጉልበቴን እያሸሁ ተነሳሁ።